ለማዛወር የሚቀመጥ ባዶ ቦታ

የተከበራችሁ የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ነዋሪዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ የመዝገብ ቤትና የአይሲቲ ባለሙያዎች፣ ስልክና ኮምፒውተር በመጠገን የምትተዳደሩ ወጣቶች፤

አንድ የመሥሪያ ቤት ሰርቨር አለ እንበል። ዲስኩ ባለ 500 ጊጋባይት ነው። ማሽኑን ስትጠይቁት «40 ጊጋባይት ነጻ ነው» ይላል። ባለሙያው አንዲት ደብዳቤ ጽፎ ሊያስቀምጥ ሲል ግን «ቦታ የለም» የሚል መልስ ይመጣበታል። ግራ ይገባውና «እስቲ የቆየ ፋይል ልሰርዝ» ይላል። አሁንም «ቦታ የለም»። ይህን ያየ ሰው ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ቦታ ለማስለቀቅ ቦታ የሚጠይቅ ነገር ማን ሰምቶ ያውቃል?

ማሽኑ ግን አልተበላሸም። የተናገረው እውነት ነው። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ይህን እውነት ላስረዳና አንድ ነገር ላሳስብ ነው፦ በዲስክ ላይ ባዶ የሚመስለው ቦታ ትርፍ አይደለም፤ የሥራ ቦታ ነው። መረጃን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዛውር ሥርዓት የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድሞ ሳይዝ መነሳት አይችልም። እኛም ዲስክ ስንገዛ፣ ስንሞላና ስናጸዳ ይህን ካላሰብንበት፣ ማሽኑ አንድ ቀን በጣም በምንፈልገው ሰዓት ይቆምብናል።

የሀብሩ ገበሬ ነገሩን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል። ማሽላው ነቀዝ ሲገባበት ከአንዱ ጎታ አውጥቶ፣ አንፍሶና አበጥሮ ወደ ሌላው ጎታ ይገለብጠዋል። ሁሉም ጎታ እስከ አፉ ከሞላ ግን የት ይገለብጠዋል? እህሉ ስለበዛ ብቻ እህሉን ማዳን ያቅተዋል። ስለዚህ ልባም የሆነ ሰው አንዱን ጎታ ባዶ ያስቀራል።

አሁን ወደ ዲስኩ እንግባ። የፋይል ሥርዓት የምንለው በዲስክ ላይ የቱ ፋይል የት እንደተቀመጠ የሚያውቀውንና የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም ነው። ዱሮ የተለመደው አሠራር በነበረበት ላይ መጻፍ ነበር፤ ፋይሉን ስታርሙት አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ይህ ቦታ ይቆጥባል። ነገር ግን ጽሕፈቱ እኩሌታ ላይ ሳለ መብራት ቢሄድ በዲስኩ ላይ የሚቀረው ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ የሆነ፣ ለማንም የማይጠቅም ነገር ነው። መብራት ሄዶ መምጣት በእኛ ከተማ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻኝም።

ስለዚህ ሌላ ስልት መጣ። በአሮጌው ላይ አትጻፍ፤ አዲሱን ሌላ ባዶ ቦታ ላይ ጻፈው፤ ተጽፎ ማለቁን ስታረጋግጥ ብቻ መዝገቡን ወደ አዲሱ አዙረው፤ አሮጌውን ከዚያ በኋላ ልቀቀው። በዚህ መንገድ ከሚሠሩት አንዱ፣ ሊኑክስ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ያለው ቢቲአርኤፍኤስ የሚባለው የፋይል ሥርዓት ነው። ክሪስ ሜሰን እ.ኤ.አ. በ2007 በኦራክል ኩባንያ ሳለ ጀመረው፤ በ2009 ደግሞ ከሊኑክስ ዋና ክፍል፣ ከከርነሉ ጋር ተዋሐደ። ዛሬ ፌዶራና ኦፕን ሱሴ በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ውስጥ ዋና ሆኖ ይመጣል፤ ሲኖሎጂ የተባለው ኩባንያ ለቢሮ በሚሸጣቸው የፋይል ማስቀመጫ ሣጥኖች ውስጥም አለ። በመብራት መሄድ ለሚሰቃይ አገር ስልቱ እጅግ ጠቃሚ ነው። ዋጋው ግን ባዶ ቦታ ነው።

ይህን በአንዲት ፊደል ላሳያችሁ። በመርሳ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር በፋይል ይዟል። አንዱ ተማሪ «ሀይሉ» ተብሎ ተጽፏል፤ እሱ ግን ስሙን የሚጽፈው «ኃይሉ» ብሎ ነውና ይታረም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ በብዛት በምንጠቀምበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ዲስኩ ግን በ3 ባይት አያስብም፤ በብሎክ ነው የሚያስበው፤ አንዱ ብሎክ 4 ኪሎባይት ነው፣ 1,365 ፊደል የሚይዝ። እንግዲህ «ሀ»ን ወደ «ኃ» ለመቀየር ያ ሁሉ ብሎክ እንዳለ ሌላ ባዶ ቦታ ላይ እንደገና ይጻፋል።

በዚህ አያበቃም። ፋይሉ ቦታ ስለቀየረ «ይህ ፋይል እዚህ ነው» የሚለው መዝገብ መታረም አለበት። መዝገቡ እንደ ዛፍ የተደራጀ ነው፤ እያንዳንዱ የመዝገብ ገጽ 16 ኪሎባይት ነው፤ እሱም በነበረበት ላይ አይታረምም፣ ሌላ ቦታ ይጻፋል። እሱ ቦታ ሲቀይር በላዩ ያለው ገጽ መታረም ይኖርበታል፤ ያም ሌላ ቦታ ይጻፋል፤ እንዲህ እያለ እስከ ሥሩ ድረስ ይዘልቃል። የትኛው ቦታ እንደተያዘ የሚቆጥር ሌላ ዛፍ አለ፤ የእያንዳንዱን ብሎክ ማረጋገጫ ቁጥር የሚይዝም አለ፤ እነሱም ተራቸውን ይታረማሉ። አንዲት ፊደል ይህን ሁሉ ታንቀሳቅሳለች።

እዚህ ላይ ነው ቦታ አስቀድሞ የመያዝ ነገር የሚመጣው። የፋይል ሥርዓቱ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት «በጣም የከፋው ነገር ቢደርስ ስንት ቦታ ልፈልግ እችላለሁ?» ብሎ ያሰላል። ዛፉ ቢበዛ 8 እርከን ይኖረዋል፤ ገጹ 16 ኪሎባይት ነው፤ ገጹ ሞልቶ ለሁለት ቢከፈልስ ብሎ በ2 ያባዛል። 16 በ8፣ በ2፦ 256 ኪሎባይት። መዝገቡ ላይ ለሚገባ ለአንድ ነገር ብቻ ይህን ያህል ቦታ ይይዛል። ሲጨርስ የተጠቀመው ምናልባት የዚያን ትንሽ ክፋይ ነው፤ የተረፈውን ይመልሳል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ብክነት ይመስለዋል። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ጥንቃቄ አላውቅም። ሥራው ተጋምሶ «ቦታ አጣሁ» ከማለት ሳይጀምሩ «አልችልም» ማለት ይሻላል፤ ሳይጀመር የቀረ ሥራ ምንም አያበላሽም።

ቦታው ሲጠብ ደግሞ ጠያቂዎች ይሻማሉ። በድሮው የቢቲአርኤፍኤስ አሠራር ቀድሞ ሲጠብቅ የነበረ ሥራ የተለቀቀለትን ቦታ ኋላ የመጣ ሌላ ሥራ ሊወስድበት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሴፍ ባሲክ የተባለው መሐንዲስ ጠያቂዎቹ የተራ ቲኬት እንዲይዙ አደረገ፤ ቦታ ሲለቀቅ ቀድሞ ለተሰለፈው ይሰጣል። ፍትሐዊ ነው፤ ሥርዓቱም በጠበበ ጊዜ የሚያሳየው ጠባይ ከዚያ ወዲህ በጣም ተሻሽሏል።

የመሰረዝ ነገርም አሁን ግልጽ ይሆናል። ፋይል መሰረዝ ማለት መዝገቡን ማረም ማለት ነው፤ መዝገብ ማረም ደግሞ አዲስ ገጽ መጻፍ ነው፤ አዲስ ገጽ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ለዚህ ለክፉ ቀን ቢቲአርኤፍኤስ በራሱ የሚያስቀምጠው መጠባበቂያ አለው፤ ቢበዛ 512 ሜጋባይት ነው፤ ለተራ ጽሕፈት አይሰጥም። ብዙውን ጊዜ መሰረዝ የሚቻለው በእሱ ነው። እሱም ያለቀ ቀን ግን በሩ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል።

ታዲያ ያ «40 ጊጋባይት ነጻ» የተባለው የት ሄደ? ቢቲአርኤፍኤስ ዲስኩን በትላልቅ ክፍል ይከፋፍለዋል፤ ለፋይሎቹ የሚሰጠው ክፍል በተለምዶ 1 ጊጋባይት ነው፤ ለመዝገቡም የራሱ ክፍል አለው። ለፋይል የተሰጠ ክፍል ውስጥ ያለ ባዶ ቦታ ለመዝገብ አያገለግልም። ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ተከፋፍሎ ካለቀ፣ በፋይል ክፍሎቹ ውስጥ 40 ጊጋባይት ተበታትኖ ክፍት ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ ግን አንድም የሚሰፋበት ክፍል አያገኝም። «ነጻ ነው» የሚለውም «የለም» የሚለውም እውነት ነው፤ የሚናገሩት ስለ ተለያየ ቦታ ነው።

መፍትሔው ማዛወር ነው። ግማሽ ጎደሎ ክፍሎችን ሰብስቦ በጥቂት ክፍል ማሟላት፣ የተለቀቁትንም ለማንኛውም ሥራ ክፍት ማድረግ። ሥራው ባላንስ ይባላል። ሥርዓቱ አንዱን ክፍል ይመርጥና ሌላ ጽሕፈት እንዳይገባበት ይዘጋዋል። ከመዝጋቱ በፊት ግን ውስጡ ያለውን መረጃ የሚቀበል ሌላ ቦታ መኖሩን ያረጋግጣል፤ ከሌለ አይነካውም። ካለ መድረሻውን አስቀድሞ ይይዛል፤ ከዚያ ያነባል፣ ይጽፋል፣ መዝገቡን ያዞራል፤ በመጨረሻ አሮጌውን ክፍል ይለቃል። መብራት እኩሌታ ላይ ቢሄድ አሮጌው ቅጂ ገና አልተለቀቀምና ምንም አይጠፋም፤ ማሽኑ ሲነሳ ካቆመበት ይቀጥላል።

ይህ ሥራ ራሱ ባዶ ቦታ ስለሚፈልግ ጥበቡ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ምንም መረጃ የሌለባቸው ክፍሎች ይለቀቁ፤ ማዛወር አያስፈልጋቸውም። ቀጥሎ 5 በመቶ ብቻ የተያዙት፣ ከዚያ 10 በመቶ። 10 በመቶ የተያዙ 10 ክፍሎች ብታገኙ የሁሉም መረጃ ተጠቃሎ አንድ ክፍል ብቻ ይሞላል፤ በአንድ ክፍል መጠባበቂያ ገብታችሁ 9 ክፍል አተረፋችሁ ማለት ነው። ከተጨናነቀው ክፍል የጀመረ ግን ብዙ አንብቦ፣ ብዙ ጽፎ፣ የሚያገኘው እፍኝ ነው። ዲስኩ ጨርሶ ከጠበበ ደግሞ መጀመርም አይችልም።

ይህን የሰማ ሰው «እኔ ሰርቨር የለኝም፤ ምን ያገባኛል?» ይል ይሆናል። ኪሱ ያለው ስልክ ግን በየቀኑ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በስልክ፣ በፍላሽና በኤስኤስዲ ውስጥ ያለው ማኅደረ ትውስታ በተጻፈበት ላይ መልሶ መጻፍ አይችልም፤ መጀመሪያ መጥፋት አለበት። የሚጻፈው በትንንሽ ገጽ ነው፤ የሚጠፋው ግን ብዙ ገጾችን የያዘው ትልቅ ብሎክ በአንድ ላይ ነው። በዚያ ብሎክ ውስጥ ከተሰረዙት ፎቶዎች መካከል አንድ የምትፈልጉት ፎቶ ቢኖር፣ እሱ በመጀመሪያ ወደ ሌላ ንጹሕ ብሎክ መዛወር አለበት። የሚያዛውረው በውስጡ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ እናንተ አታዩትም። አምራቾቹ ለዚህ ሥራ ብለው ከተጠቃሚው የተደበቀ ቦታ ያስቀራሉ፤ በኤስኤስዲ ብዙ ጊዜ 7 በመቶ ገደማ ነው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ ዓይነት ማኅደረ ትውስታ ብሎ ያወጣው ኤፍ2ኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓትም ዛሬ በብዙ የአንድሮይድ ስልክ ውስጥ ሲሠራ የራሱን መጠባበቂያ ይይዛል።

ሚሞሪ እስከ መጨረሻዋ ባይት ያስጫነ፣ ቴሌግራም ያወረደውን ሁሉ ያከማቸ ሰው «ስልኬ ተንቀራፈፈ፣ ካሜራው እንኳ ቶሎ አይከፈትም» ይላል። ብዙ ጊዜ ቀፎው አላረጀም፤ ለማዛወር የሚሆን ቦታ አጥቶ አንዲት ፎቶ ለማስቀመጥ ደጋግሞ ሲገለብጥ ነው።

መንቀራፈፉ ምን ያህል እንደሚከፋ የሚያሳይ ስሌት አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ሜንደል ሮዘንብለምና ጆን ኦስተርሃውት ምንጊዜም ወደ ፊት ብቻ የሚጽፍ የፋይል ሥርዓት ሠርተው ዋጋውን አሰሉ። የሚጸዱት ክፍሎች ግማሽ የተያዙ ከሆኑ 1 ሜጋባይት አዲስ መረጃ ለመጻፍ በጠቅላላ 4 ሜጋባይት ማንበብና መጻፍ ያስፈልጋል። 80 በመቶ ከተያዙ 10 ሜጋባይት። 90 በመቶ ከተያዙ 20። ልብ በሉ፤ ከ80 ወደ 90 የተጨመረው 10 በመቶ ብቻ ነው፤ ድካሙ ግን እጥፍ ሆነ። ከ90 በላይማ እየተተኮሰ ይወጣል። የመጨረሻዋን 10 በመቶ የምንሞላ ሰዎች የምንከፍለው ይህን ነው።

ሌሎቹም የፋይል ሥርዓቶች ይህን ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 የታወቀው የበርክሊው ፈጣን ፋይል ሥርዓት 10 በመቶ ያስቀር ነበር። በሊኑክስ በሰፊው የሚሠራበት ኤክስት4 5 በመቶውን ለአስተዳዳሪው ብቻ ይይዛል። በቢሮዎቻችን የሞላው ዊንዶውስም እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በአዲስ ሲጫን ለራሱ ማሻሻያ 7 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። በየአገሩ፣ በየዘመኑ የሠሩት መሐንዲሶች ቁጥሩ ቢለያይም እዚሁ ላይ ደርሰዋል።

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። በሌላ አገር ዲስክ የሞላበት ሰው መረጃውን በኢንተርኔት ወደ ሩቅ ሰርቨር ልኮ ቦታውን ያጸዳል። እኛ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ለወራት ተቋርጦ ኖረናል። ከዚያ በፊት ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወልድያንና መርሳን ባዳረሰባቸው ወራት የወልድያ ዩኒቨርሲቲና የወልድያ ሆስፒታል ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ኮምፒውተር ሲዘረፍ ዕቃው በሌላ ይተካል፤ ውስጡ የነበረው የሕመምተኛ ካርድና የተማሪ ውጤት ግን ሌላ ቅጂ ከሌለው አይተካም። ስለዚህ ለእኛ በቅርብ ያለ፣ ጤነኛ፣ መተንፈሻ ያለው ዲስክ ከሌላው ሰው የበለጠ ያስፈልገናል።

የስሪንቃን የግብርና ምርምር ማዕከል አስቡ። በመርሳና በወልድያ መካከል መንገዱ ዳር ነው። የግራናን አካባቢ ስም የያዘው ግራና-1 የተባለው የማሽላ ዝርያ የወጣው ከዚያ ነው። አንድ ዝርያ እስኪለቀቅ ድረስ በየዓመቱ፣ በየቦታው፣ በየመደቡ ይለካል፦ ዝናቡ፣ አቀንጭራው፣ የአበባው ቀን፣ ምርቱ። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ሰሜን ወሎን የመታው የኤልኒኞ ድርቅ በየመደቡ ላይ ምን እንዳደረገ የተመዘገበ ልኬት በምንም ገንዘብ እንደገና አይገኝም፤ ያን ዓመት መልሶ የሚያመጣው የለም። እንዲህ ያለ መረጃ የተሞላ ዲስክ ላይ መቀመጥ የለበትም። ዲስኩ ማርጀት ሲጀምር መረጃውን ፈጥኖ ማዛወር የሚቻለው ቦታ ቀድሞ ከተያዘለት ብቻ ነውና።

በዚህ ረገድ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የግዢ አሠራራችን ነው። «ያለን መረጃ 1 ቴራባይት ነው፤ 1 ቴራባይት ዲስክ ይገዛ» ተብሎ ይጻፋል። በመጀመሪያ ነገር አምራቹ 1 ቴራባይት ያለውን ዊንዶውስ 931 ጊጋባይት ብሎ ነው የሚያሳየው። በሁለተኛ ደረጃ መረጃው ነገ ያድጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለማዛወሪያ የሚቀር ቦታ ለማንም ጠያቂ ስላልተመደበ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ለጠየቃችሁኝ የምመልሰው አንድ ነው፦ ከዲስኩ ቢያንስ አንድ አምስተኛው ምንጊዜም ክፍት ይሁን፤ ግዢውም በዚህ ሒሳብ ይታዘዝ። ገንዘብ ያዡ «ባዶውን ለምን እንገዛለን?» ቢሏችሁ ያንን የ80ና የ90 በመቶ ስሌት አሳዩአቸው።

በሁለት ዲስክ ላይ እያንዳንዱን መረጃ አባዝታችሁ የምታስቀምጡ ደግሞ ሒሳቡን በሁለቱም ላይ ሥሩ። ማዛወሩ በሁለቱም ላይ እኩል ቦታ ይፈልጋል፤ አንዱ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ቢሆን የሚወስነው ጠባቡ ነው።

ዲስኩ አስቀድሞ ሞልቶ የተያዘባችሁም አትደንግጡ፤ ማሽኑን ፎርማት ለማድረግም አትቸኩሉ። መጀመሪያ የድሮ ሁኔታ ቅጂዎችን፣ ስናፕሾት የሚባሉትን፣ ተመልከቱ። ፋይሉን ብትሰርዙት እንኳ በስናፕሾት ውስጥ እስካለ ድረስ ቦታው አይለቀቅም፤ ብዙ ሰው በከንቱ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ባዶዎቹን ክፍሎች አስለቅቁ። ይህም እምቢ ካለ ቢቲአርኤፍኤስ ሌላ ዲስክ በጊዜያዊነት እንዲጨመርለት ይፈቅዳል፤ ጥሩ የሆነ የዩኤስቢ ዲስክ ሰክታችሁ ትጨምሩለታላችሁ፤ መዝገቡ መስፊያ ያገኛል፣ ባላንሱ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ያ ዲስክ የሰርቨሩ አካል ነው፤ መዝገቡ በላዩ ላይ ነውና ሥራው አልቋል ብላችሁ አትንቀሉት። በትእዛዝ እንዲወጣ አድርጉት፤ ሥርዓቱ በላዩ ያለውን ሁሉ ወደ ዋናው ዲስክ መልሶ ያዛውራል፤ ያም ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። «ተነሥቷል» እስኪላችሁ ድረስ በዩፒኤስ ላይ ይቆይ፤ ክፍሉም ይቆለፍ፤ ፍላሽ ፈልጎ የሚገባ ባልደረባ እንዳይነቅለውም ወረቀት ለጥፉበት።

የምትጠይቁኝ ካለ እዚሁ ነኝ፤ ላፕቶፕ ይዛችሁ የመጣችሁም ወደ ፊት ቅረቡና የእያንዳንዱን ዲስክ አብረን እንየው።